ስለ ልብ ወለድና ስለ ቴሌቪዥን ድራማ አስተያየት አሰጣጥ፤ በምን አለሽ ተራ የተማርነው

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሰባት የምንሆን የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች በየቅዳሜው ከምሳ በኋላ ለመገናኘት ተስማማን። ስምምነታችን አጭር ነበር። እያንዳንዳችን በሳምንቱ ካነበብነው ልብ ወለድ ወይም ከምንከታተለው የቴሌቪዥን ድራማ አንዱን መርጠን አስተያየታችንን እንሰጣለን፤ ሌሎቹም ይከራከራሉ። ሐሳቡ መልካም መስሎን ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ግን የሠራነውን መለስ ብለን ስናየው ክርክር የሚባል ነገር አላገኘንበትም። ያገኘነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንደኛው ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መተረክ፣ ሁለተኛው ደግሞ በመጨረሻ ላይ «አሪፍ ነው» ወይም «አይመችም» ብሎ መቀመጥ።

ታሪክን መተረክ በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን አንድ ጓደኛችን አንድ ልብ ወለድ ለመተረክ አርባ ደቂቃ ፈጅቶ ሲያበቃ፣ መጽሐፉን ያነበቡት ሰለቻቸው፤ ያላነበቡትም ከእንግዲህ የሚያነቡበት ምክንያት አጡ። ከዚህ የሚብሰው ሌላው ጉድለታችን ደግሞ ከክፍል የወሰድነውን ቃል ያለ ቦታው መደንቀር ነው። ስለ አንድ ሳምንታዊ ድራማ ሲነገር «የገጸ ባሕርያቱ ሥነ ልቡናዊ ጥልቀት» የሚል ሐረግ በአንድ ከሰዓት ስድስት ጊዜ ተነገረ። ጥልቀቱ የት ጋ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ማናችንም መልስ አልነበረንም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ከሰባታችን አንዱ፣ ስሙን የማንጠራው ጓደኛችን፣ ከሁላችን ይልቅ ብዙ ያነበበ ነው። መጻሕፍቱንም ሳይሰስት ያውሰናል። ይሁን እንጂ የሚያውሰን መጻሕፍት አብዛኛዎቹ ሽፋን የላቸውም። አንዳንዱ ጥጉን ዘይት ነክቶታል፤ አንዳንዱ በሲባጎ ታስሮ ስለ ኖረ መካከሉ ላይ ተሰርጉዷል። እኛም በዚህ እየሳቅን ልጁን «ሽፋን የለሽ» የሚል ስም አወጣንለት። እሱም ይስቅ ነበር፤ ወይም የሚስቅ መስሎን ነበር።

አንድ ቅዳሜ በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመውን «ከአድማስ ባሻገር»ን አነሣ። በቢሮ ሥራና በሠዓሊነት ፍላጎት መካከል የሚንገላታውን የአበራን ነገር አንሥቶ፣ ከሁሉ የወደድኩት ደራሲው የሰውየውን ዕድል ሳይቋጭ አንጠልጥሎ መተውን ነው አለ። እንዲህ ያለ ሰው ቁርጡን ሳያውቅ ቢቀር የሕይወቱ እውነት ይኸው ነው ብሎ ብዙ ተናገረ። መጽሐፉን ያነበብን ሦስታችን ተያየን። «ከአድማስ ባሻገር» አንጠልጥሎ የተወው ነገር የለም፤ ፍጻሜው ብርቱና የማያሻማ ነው። (ያላነበባችሁ ስላላችሁ ምን እንደሆነ አንናገርም።) መጽሐፉን ተቀብለን ስናገላብጠው የመጨረሻዎቹ ሠላሳ ያኽል ገጾች የሉም። ጓደኛችን ለሁለት ዓመት ያኽል የተቀደደውን መጽሐፍ ያለቀ መስሎት ኖሯል። ሳቃችንም ከልክ ያለፈ ሆነ። ከመካከላችን አንዱ «አንተ መጽሐፍ ሳይሆን ቁራሽ ነው ያነበብከው» አለው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም፤ በሁለተኛውም አልመጣም።

በሦስተኛው ሳምንት ይቅርታ ለመጠየቅ ፈልገን ቤቱን ስናጠያይቅ «ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱን ለማገዝ ምን አለሽ ተራ ነው የሚውለው» አሉን። ለካስ በቅዳሜ ከሰዓት ከእኛ ጋር ለመቀመጥ እናቱን እያስፈቀደ ነበር የሚመጣው።

መርካቶን የማያውቅ የለም፤ ቢሆንም ጥቂት እንበል። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ከጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ ሲያዛውር ነው አሁን መርካቶ የምንለው ሰፈር የተቆረቆረው። ስሙም የጣሊያንኛው «ገበያ» ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ዕቃ የየራሱን ተራ አበጀ፤ ሸማ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ብረት ተራ፣ በርበሬ ተራ እያለ ይቀጥላል። ምን አለሽ ተራ ግን ስሙን በዕቃ ሳይሆን በጥያቄ ያገኘ ነው። ዛሬ ምን እንደሚሸጥበት ቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል ገዢው ሻጯን «ምን አለሽ?» ከማለት ሌላ የሚጠይቀው የለም። በየመንደሩ «ቆራሌ!» እያሉ የሚዞሩት ልጆች የሰበሰቡት ቆርቆሮ፣ ብረታ ብረት፣ ጄሪካንና ሃይላንድ ሁሉ ወደዚህ ይመጣል። ከዚህም በኋላ የዘይት ቆርቆሮው መጥበሻ ይሆናል፤ በርሜሉ የከሰል ማንደጃ ይሆናል፤ ያለቀ የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል። በሄድንበት ቀን የመዶሻው ጩኸት እርስ በርሳችን እንኳ አላነጋገረንም።

የጓደኛችን እናት በኪሎ የሚሸጥ ዕቃ ከቆራሌዎች ይቀበላሉ። ከሚቀበሉትም አንዱ ወረቀት ነው፤ ያለቀ ደብተር፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ የቢሮ መዝገብ። አብዛኛው ለበርበሬና ለቅመም መጠቅለያ ወደ ሱቆች ይሄዳል። ልጃቸው ማንበብ ከለመደ ጀምሮ ግን ከወረቀቱ መካከል መጽሐፍ የሚመስለውን ሁሉ እየለዩ በአንድ ጆንያ ያስቀምጡለታል። ሽፋኑ የሌለውም ስለዚህ ነው፤ ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ አንዳንዱ ቆራሌ ቀድሞ ገንጥሎ ለሌላ ጉዳይ ያውለዋል። እኛ አንድ ሙሉ ሴሚስተር የሳቅንበት ቤተ መጻሕፍት እንግዲህ ይህ ነበር። በዚያ ጆንያ አጠገብ ቆመን የተሰማንን መጻፍ አያስፈልግም።

ይቅርታችንን ተቀበለን። እናቱም ሻይ አዘዙልን፤ ምን እንደምንማርም ጠየቁን። ስለ ልብ ወለድ እንደምንወያይ ስንነግራቸው «ፍቅር እስከ መቃብርን አነበባችሁት?» አሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን መጽሐፍ እሳቸው አላነበቡትም፤ ልጃገረድ ሳሉ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ከጎረቤት ቤት ተሰብስበው ሰምተውታል። «እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ ግን አንድም ቀን አላመለጠኝም» አሉን። ከዚያም ያልጠበቅነውን ተናገሩ።

«ሰው ሁሉ ለበዛብህና ለሰብለ ያለቅሳል። እኔም አልቅሻለሁ። የሚያናድደኝ ግን ስለቱ ነው። የተሳለችው እናት፣ ከፋዩ ልጅ!»

አንዷ እኅታችን የመጽሐፉ ዋና ጉዳይ የባላባት ሥርዐት መሆኑን፣ የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት፣ የጉዱ ካሣን ንግግር፣ በአበጀ በለው መሪነት የተነሣውን የገበሬዎቹን እንቢታ እያነሣች ልታስረዳቸው ሞከረች። እሳቸውም በትዕግሥት አዳምጠው «እሱማ አለ፤ ግን ልጄ፣ ፊታውራሪን ለመጥላት መጽሐፍ ያስፈልጋል እንዴ?» አሉ። ቀጥለውም ይህ ልጃቸው ከተወለደ ጀምሮ ሐኪም ይሆናል ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ ሲናገሩ እንደ ኖሩ፣ እሱ ግን ሥነ ጽሑፍ ካልተማርኩ ባለ ጊዜ ክረምቱን ሙሉ ተኳርፈው እንደ ሰነበቱ ነገሩን። «በኋላ አንድ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ያ የበዛብህ እናት ስለት ትዝ አለኝ። ጧት ተነሥቼ የፈለግኸውን ተማር አልኩት» አሉ። ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን ከፊቱ አወቅን። ጆንያ የሚያስተካክል መስሎ ጀርባውን ሰጠን።

ወደ ግቢ ከተመለስን በኋላ መጽሐፉን አውጥተን የሴትዮዋን አስተያየት መረመርነው። እውነታቸውን ነው። የበዛብህ እናት ውድነሽ ልጇ ቢያድግላት ለቤተ ክርስቲያን ለመስጠት መሳሏ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል። በዛብህ ሰብለን ባፈቀረ ጊዜም ይኸው ስለት ተመልሶ እየመጣ ያስጨንቀዋል። እኛ ይህን ሁሉ አንብበነዋል፤ ግን እንደ መንደርደሪያ አልፈነው ወደ ባላባቱ ቤት ተጣድፈናል። አንድ ሰው ከራሱ ኑሮ ተነሥቶ መጽሐፍን ሲተረጉም ብዙ ጊዜ «የራስህን ነገር ነው የምታወራው» እንለዋለን። ይህ ዐይነቱ ነቀፋ የሚገባው ሰውየው ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ በመጽሐፉ ውስጥ ሲያጣ ነው። ሴትዮዋ ግን ቦታው ነበራቸው። ከእኛ አንዱ ደግሞ በየክርክሩ «ጉዱ ካሣ ማለት ራሱ ደራሲው ነው» ይላል፤ በምን ታውቃለህ ሲባል «ይታወቃል» ነው መልሱ። ከሁለቱ የትኛው ነው የራሱን ነገር የሚያወራው?

ስለ መጽሐፉ ይህን ያኽል ካልን፣ በቅርቡ በኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በተከታታይ ድራማነት ስለ ቀረበበት አኳኋን ሳንናገር አናልፍም። በቅዳሜ ስብሰባችን ስለዚህ ድራማ የነበረው ክርክር «መጽሐፉን ጠብቋል ወይስ አልጠበቀም?» በሚል ብቻ የታጠረ ነበር። እናትየው ግን «ተዋናዮቹ ደህና ናቸው፤ ሰብለ ግን የእኔዋ ሰብለ አይደለችም» አሉ። እኛ ከመጽሐፉ ጋር ስናስተያየው እሳቸው የሚያስተያዩት ከወጋየሁ ድምፅ ጋር ነው። ድምፅ መልክን ለሰሚው ይተዋል፤ ሥዕል ግን ለሁሉም አንድ መልክ ይሰጣል። ስለዚህ በሬዲዮ ያደገው ትውልድ በቴሌቪዥኑ ቢከፋ፣ የከፋው በድራማው ድክመት ነው ብሎ ወዲያው መፍረድ አይገባም። በአእምሮው ያኖራትን ሴት ተነጥቋልና።

ሻዩን የጠጣንበት ቤት ቴሌቪዥን ነበረው፤ በዚያ ጩኸት ድምፁን ማን እንደሚሰማው ግን እንጃ። ከቀጥቃጮቹ ሁለት ሦስቱ ለዕረፍት ገብተው ስለ ነበር ጨዋታው ወደ ድራማ ዞረ። ሁሉም ቀድመው ያነሡት «ሰው ለሰው»ን ነው። ከታየ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ይህ ድራማ፣ አበበ ባልቻ የተጫወተው የአስናቀ ክፋት፣ ትናንት እንደታየ ያኽል ይወራል። አንዱ ሽማግሌ «ክፉ መሆኑን እያወቅን እንናፍቀው ነበር» አሉ። ለምን እንደሆነ ብንጠይቃቸው «ሳምንት እስኪደርስ እኛው ስናወራው፣ ስንፈርድበት እንሰነብት ነበራ» ብለው መለሱ። ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ጊዜም አንድ ጣቢያ ብቻ ስለ ነበረ አገሩ በሙሉ በአንድ ሌሊት አንድ ነገር ያይ ነበር። ዛሬ ግን እያንዳንዱ በየስልኩ የየራሱን ያያል። ድራማው ቢሻሻል እንኳ ያ የሳምንት ሙሉ ፍርድ ከየት ይመጣል?

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ በጀመረ ጊዜ ብዙ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ተቃውሟቸውን ማሰማታቸው ይታወሳል፤ የአገር ውስጡን ሥራ ያዳክማል፣ የባዕድ ባህል ያስገባል ነው ክርክሩ። እኛ በበኩላችን የመጀመሪያው ሥጋት ውሃ የሚያነሣ፣ ሁለተኛው ግን የተጋነነ ይመስለናል። ይህን ስንናገር አንድ የእኛ እኩያ የሆነ ቀጥቃጭ አቋረጠን። «ሰው ቱርኩን የሚያየው ባህሉን ወዶ አይደለም» አለ። «የእኛን ድራማ አይተኸዋል? ሰው ሁሉ ሶፋ ላይ ነው። ሶፋ ላይ ይጣላል፣ ሶፋ ላይ ይታረቃል። ሲሠራ የሚታይ ሰው የለም። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ እንኳ አይታወቅም።» ይህን ብሎ የሻዩን ብርጭቆ አስቀምጦ ወጣ።

ለአራት ዓመት ስለ «እውነታዊነት» የተማርን ሰዎች ይህን አንድም ቀን አላስተዋልነውም ነበር። ከዚያ ወዲህ የምናየውን ድራማ ሁሉ በዚህ ዐይን እናያለን፤ ፍርዱም በብዙው ላይ ይሠራል። ሁሉም ላይ ግን አይደለም። በፋና ቴሌቪዥን ይታይ የነበረው «ምን ልታዘዝ» ካፌ ውስጥ ነው የሚካሄደው፤ አስተናጋጁ ያስተናግዳል፣ የፖለቲካውም ፌዝ ከትእዛዙ ጋር አብሮ ይቀርባል። በአርትስ ቴሌቪዥን የታየው «እረኛዬ»ም ከከተማው ሳሎን ወጥቶ የገጠሩን ኑሮና የመሬትን ጉዳይ ለማየት የደፈረ ነው። ሁለቱ በብዙዎች ዘንድ መወደዳቸው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው ለማለት ያምረናል፤ ይሁንና በአንድ የሻይ ቤት ወሬ ላይ ተመሥርተን ያን ያኽል መድፈር አይገባንም። (ልጁን በኋላ አግኝተነው «ምን ልታዘዝስ?» ብንለው «እዚያስ ሻይ ይቀዳል» አለን።)

ከመመለሳችን በፊት የጓደኛችን እናት ዕቃ ሲቀበሉ አይተናል። በመጀመሪያ ማግኔት ያስጠጋሉ። የያዘው ብረት ነው፤ በዝቅተኛው ዋጋ ይመዘናል። ያልያዘው ግን አንድ ዐይነት አይደለም፤ ናስ ሊሆን ይችላል፣ መዳብ ሊሆን ይችላል፣ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፤ ዋጋቸውም የተራራቀ ነው። ስለዚህ በሞረድ ፋቅ አድርገው ውስጡን ያያሉ፤ ቀዩ መዳብ፣ ቢጫው ናስ። አንድ ልጅ ናስ ነው ብሎ ያመጣውን የሚያብረቀርቅ እጀታ ማግኔቱ ለቀም ሲያደርገው ልጁ ራሱ ሳቀ፤ ናስ የተለበጠ ብረት ኖሯል። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ «የእኛ ‹አሪፍ ነው› እኮ ማግኔት ነው» አለ። ማግኔት አይናቅም፤ ያለ እሱ ሥራው አይጀመርም። እኛ ግን ማግኔቱን አስጠግተን ወዲያው ሒሳብ እንከፍል ነበር።

ስለዚህ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አሠራራችንን ለውጠናል። ታሪኩን መተረክ ከአምስት ደቂቃ እንዳያልፍ ወሰንን። «ወደድኩት» ያለ ሰው የወደደበትን አንድ ገጽ ይከፍታል፤ ወይም አንድ ትዕይንት ይጠራል፤ ሌሎቻችንም ያንኑ ገጽ እናነባለን፤ ክርክሩ ከዚያ ይነሣል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ከስድስታችን አራቱ ገጹን ፈልገን አጣነው። አንዷ የወደደችው ቦታ በመጽሐፉ ውስጥ ፈጽሞ አለመኖሩን አገኘች፤ ከሌላ መጽሐፍ ጋር ተደባልቆባት ነበር። ለድራማ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለን፤ «ይህ ሰው በምን ይተዳደራል?» የሚል ነው። የማን ጥያቄ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ሽፋን የለሽ የሚለውንም ስም ትተነዋል። የተለየ ውሳኔ አላደረግንበትም፤ አፋችን ላይ አልመጣም እንጂ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ «ከአድማስ ባሻገር» ከቤተ መጻሕፍት ተውሰን የጎደሉትን ገጾች ፎቶ ኮፒ አስነሥተን ወደ ምን አለሽ ተራ ተመለስን። ጓደኛችን በጆንያ ክምር ላይ ተቀምጦ አነበበው። እኛ ቆመን ጠበቅነው፤ መዶሻው ይጮኻል፤ እናቱ ከአንድ ቆራሌ ጋር በዋጋ ይከራከራሉ። ጨርሶ ቀና ሲል ምን እንደሚል ለመስማት ቸኩለን ነበር።

«የእሱ ይሻላል» አለ። ትንሽ ቆይቶም «ግን የእኔንም አልጠላሁትም» አለ።

ክርክሩ እዚያው ተጀመረ። ደራሲው ነገሩን ሳይቋጭ ትቶት ቢሆን ኖሮ ምን ይጎድል ነበር፣ ምንስ ይተርፍ ነበር በሚለው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተነጋገርን፤ እስካሁን ካደረግናቸው ሁሉ የተሻለው ክርክር ይኸው ነበር። በመካከሉ እናትየው መጽሐፉን ከእጃችን ወስደው፣ ወረቀቶቹን አስተካክለው፣ በጆንያ መስፊያው ወስፌና በሲባጎ ከቀረው ጋር ሰፉት። ትንሽ ጠመም ብሏል፤ ግን ይከፈታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚያነበው ሰው ተራውን ይዟል።